የአሸንዳ መምጠጫ መኪና ኃይሉ የሚደክምበት ምክንያትና የቱቦው መዘጋት መድኃኒት

ክረምት ከመግባቱ በፊት የጣሪያ አሸንዳ መጠረግ እንዳለበት የማያውቅ ባለንብረት አይገኝም፤ የሚያውቀው ሁሉ ግን በጊዜው አያደርገውም። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ከበረዶ ጋር ሲወርድ፥ ቅጠልና ጭቃ የሞላው አሸንዳ ውሃውን መሸከም ያቅተዋል። መኖሪያ ቤት ከሆነ ውሃው በአሸንዳው ከንፈር ላይ እየፈሰሰ ግድግዳውን ያበላሻል። መጋዘን ከሆነ ግን ነገሩ ይከፋል። በሁለት ጣሪያዎች መካከል የተዘረጋው የመካከል አሸንዳ በተዘጋ ጊዜ ውሃው ወደ ውጭ የሚወጣበት መንገድ ስለሌለው፥ ከቆርቆሮው መጋጠሚያ ሥር እየሾለከ ወደ ውስጥ ይገባል። ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ የተከመረ ስኳር፥ ሲሚንቶ ወይም ጨርቅ መበላሸቱ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ካለፉ በኋላ፥ ዕቃው ለሽያጭ ሲነሣ ነው።

ቀድሞ ይህ ሥራ የሚከናወነው በመሰላልና በእጅ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ስፍራ እንዲሁ ነው። ሠራተኛው በአንድ እጁ መሰላሉን ይዞ በሌላው እጁ ጭቃውን እየዛቀ ወደ ታች ይጥላል፤ ጥቂት ክንድ ባጸዳ ቍጥር ወርዶ መሰላሉን ማዛወር አለበት። ከመሰላል መውደቅ የሚያስከትለው ጉዳት ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ በውጭ አገር ሕንጻ የማጽዳት ሥራ የያዙ ሰዎች፥ ለእርጥብም ለደረቅም በሚሆን የመምጠጫ መኪና ላይ ውስጡ ክፍት የሆነ ረጅም ዘንግ እየቀጠሉ፥ መሬት ላይ ቆመው አሸንዳውን ማጽዳት ልማድ አድርገዋል። ዘንጉ ከአሉሚኒየም ወይም ከካርቦን ቃጫ የተሠራ ሲሆን፥ ጫፉ ወደ አሸንዳው እንዲገባ እንደ ከዘራ የታጠፈ ነው። ቅጠሉና ጭቃው በከዘራው በኩል ወጥቶ በዘንጉ ውስጥ ይወርድና በጎማ ቱቦ አልፎ በመኪናው በርሜል ውስጥ ይጠራቀማል።

መኪናው አዲስ ሳለ ቅጠሉንም ጭቃውንም እየዋጠ ባለቤቱን ያስደስታል። ጥቂት ቀናት ከሠራ በኋላ ግን ድምፁ እንደ ቀድሞው እየጮኸ፥ ከአሸንዳው የሚያነሣው ነገር እያነሰ ይሄዳል። በዚህን ጊዜ የብዙዎች ፍርድ አንድ ነው፤ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ይባላል። መኪናው ወደ ጥገና ቤት ይላካል፥ ወይም ሌላ ይገዛል፤ ከዚህም የከፋው፥ ሥራው ለሚቀጥለው ሳምንት ይቀጠርና ዝናቡ ይቀድማል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ሞተሩ ሳይሆን አየሩ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ይህም ያለ አንዳች ወጪ፥ በጆሮና በመዳፍ ብቻ ተመርምሮ ሊታወቅ ይችላል።

አየሩ የሚሠራው ሥራ

ስለ መምጠጫ መኪና ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው፥ መኪናው በራሱ ጎትቶ የሚያወጣው ነገር አለመኖሩ ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ማራገቢያ በበርሜሉ ውስጥ ያለውን አየር ወደ ውጭ ያስወጣል። የበርሜሉ አየር ሲሳሳ የውጭው አየር በክብደቱ እየገፋ በቱቦው አፍ ይገባል፤ ሲገባም በመንገዱ ያገኘውን ቅጠልና ጭቃ ይዞ ይገባል። እንግዲህ ሸክሙን የሚሸከመው የውጭው አየር ነው፤ ሞተሩ በሩን ይከፍትለታል እንጂ።

አየር ክብደት ያለው መሆኑን ኢጣሊያዊው ሊቅ ቶሪቼሊ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1643 ዓ.ም. በባዜቃ ሙከራ አስረድቷል። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት 10.3 ሜትር ያኽል ቁመት ያለው የውሃ ዓምድ መሸከም ይችላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ በላይዋ ያለው አየር በዚያው መጠን ያነሰ ነው። ግፊቱም የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያኽላል፤ ሊሸከም የሚችለውም የውሃ ዓምድ 7.8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ይህ ለነጋዴ ምን ያገባዋል የሚል አይጠፋም። የሚያገባው እንዲህ ነው። የመኪናው የመምጠጥ ኃይል በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው በውሃ ዓምድ ቁመት ተለክቶ ነው፤ የሚለካውም ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠረፍ በሚስማማ ሂሳብ ነው። በወረቀቱ ላይ 2,400 ሚሊ ሜትር የተባለ መኪና አዲስ አበባ ላይ ከ1,800 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ይሰጣል። ያው መኪና በጅቡቲ ወደብ ከሣጥኑ ወጥቶ ቢሞከርና እንደገና እዚህ ቢሞከር፥ ሩብ ያኽል ኃይሉን በመንገድ ጥሎ የመጣ ይመስላል። ድሬዳዋ ላይ፥ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፥ የሚጎድለው ከስምንት እጅ አንዱ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ፋብሪካውን ወይም አስመጪውን በሐሰተኛነት መክሰስ አይገባም፤ ገዥው ግን በወረቀቱ ላይ ካለው ቍጥር ላይ ቀንሶ ማሰብ አለበት። ይህን የተፈጥሮ ጉድለት የሚጠግን ባለሙያ የለም። የቀረው ሦስት አራተኛ በቀዳዳና በእድፍ እንዳይባክን መጠበቅ ግን በባለቤቱ እጅ ነው።

በወረቀቱ ላይ ሁለት ቍጥሮች መኖራቸውም መታወቅ አለበት። አንደኛው የመሳቡን ብርታት፥ ሁለተኛው በሴኮንድ ወይም በሰዓት የሚያልፈውን የአየር ብዛት ያመለክታል። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም። የቱቦው አፍ ፈጽሞ ሲዘጋ ብርታቱ ከሁሉ ይበልጣል፥ የሚያልፍ አየር ግን የለም። አፉ ፈጽሞ ሲከፈት አየሩ ይበዛል፥ ብርታቱ ግን ወደ ምንም ይጠጋል። ሥራው የሚሠራው በሁለቱ መካከል ነው። ዋት የሚባለው ሦስተኛው ቍጥር ደግሞ መኪናው የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚሰጠውን ኃይል አይናገርም። የአውሮፓ ኅብረት ለመኖሪያ ቤት መጥረጊያ መኪናዎች የዋቱን መጠን በ2014 ከ1,600 በታች፥ በ2017 ከ900 በታች እንዲሆን በሕግ ወስኗል፤ ሁለቱም ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በሺህ የሚቈጠር ዋት በሣጥን ላይ ጽፎ ገበያ መሳብ ዕቃው ብርቱ ለመሆኑ ማስረጃ እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ቅጠልና ጭቃን የሚያጓጕዘው የአየሩ ፍጥነት ነው። ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ በሴኮንድ 50 ሊትር አየር ቢያልፍ ፍጥነቱ በሴኮንድ 25 ሜትር ይሆናል። ከዚህ ላይ በላሉ መጋጠሚያዎችና በተቀደደ ቱቦ በኩል 15 ሊትር ቢገባ፥ በከዘራው አፍ የሚገባው 35 ሊትር ብቻ ስለሚሆን ፍጥነቱ ወደ 18 ሜትር ይወርዳል። ደረቅ ቅጠል በዚህም ፍጥነት ሊሄድ ይችላል፤ እርጥብ ጭቃና የቆርቆሮ ዝገት ግን ወደ ኋላ እየቀረ ከመንገድ ይወድቃል። አንድ ጊዜ ከወደቀም የሚከተለውን ያስቆማል፤ መዘጋት የሚጀምረው እንዲህ ነው።

የሚዘጋባቸው ስፍራዎች

የአዲስ አበባን አሸንዳ ለመምጠጫ መኪና አስቸጋሪ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋናው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለማገዶና ለቤት ሥራ እንዲሆን የተተከለው ይህ ዛፍ ለከተማዪቱ ያደረገው ጥቅም ታላቅ ነው፤ ለአሸንዳ ግን ወዳጅ አይደለም። ቅጠሉ እንደ ማጭድ የቀጠነና የረዘመ፥ ቆዳው ጠንካራ፥ ዘይት ያለው ስለ ሆነ ቶሎ አይበሰብስም። ልጡም በረጃጅሙ እየተላጠ ከነፋስ ጋር ይወርዳል። ቅጠሉ ወደ ዘንጉ ሲገባ በቁመቱ ይገባና ከዘራው ላይ ሲደርስ ይዞራል፤ አንዱ በአግድም ከተያዘ ሌላው ይደገፍበታል፥ በመጨረሻም ጭቃ መጥቶ ክፍተቱን ይመርገዋል። ጭቃ ብቻውን ወይም ቅጠል ብቻውን ይህን ያኽል አያስቸግርም፤ ክፉው ቅልቅሉ ነው።

ስለዚህ ሥራው በሁለት ዙር ቢከፈል ይሻላል። በመጀመሪያ፥ በበጋው ደረቅ ቀን፥ ላይ ላዩን ያለው ቅጠል ብቻ ይሳብ። በሁለተኛው ዙር ከሥር የቀረው የደረቀ አፈር ውሃ ይርከፍከፍበትና እንደ ቀጭን አጥሚት ከሆነ በኋላ ይወሰድ። የደረቀውን አፈር በከዘራው ጫፍ እየፈቀፈቁ ለማንሣት መድከም ዘንጉን ከመስበር በቀር ትርፍ የለውም።

ሠራተኞች ደጋግመው የሚፈጽሙት ሌላ ስሕተት የከዘራውን አፍ በጭቃው ውስጥ ፈጽሞ መድፈቅ ነው። ሲታይ ብዙ የሚያነሣ ይመስላል። አፉ በተደፈቀ ጊዜ ግን አየር የሚገባበት ስለማይኖር የሚያጓጕዝ ነገር ይጠፋል፤ ጭቃው ከዘራው ድረስ ወጥቶ በዚያ ይቆማል። አፉ በስተጎን ዘንበል ብሎ ግማሹ ጭቃ ግማሹ አየር እንዲያገኝ ሆኖ ቢያዝ፥ ጭቃው በአየሩ ተቈራርጦ ሳያቋርጥ ይወርዳል። በአሸንዳው ውስጥ የቆመ ውሃ ካለም እንደዚሁ ነው። የዘንጉ ባለሙያ ከጀማሪው የሚለየው በጉልበቱ ሳይሆን በዚህ አያያዝ ነው።

ከከዘራው ቀጥሎ የሚዘጋው ዘንጉ ከቱቦው ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ነው። የዘንጉ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቱቦው 38 ሚሊ ሜትር ከሆነ፥ የቱቦው መንገድ ከዘንጉ መንገድ በስፋት ከስድስት እጅ አምስቱን እንኳ አይደርስም፤ በሂሳብ ሲታይ ግማሹን በጥቂት የሚያልፍ ብቻ ነው። በዘንጉ ያለፈው ሁሉ በዚያ በር ላይ ይሰለፋል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከአፉ እስከ በርሜሉ ድረስ መንገዱ እየሰፋ ወይም እኩል ሆኖ ይሂድ እንጂ አይጥበብ። ከሁሉ ጠባቡ ስፍራ የከዘራው አፍ ይሁን፤ ማለፍ የማይችል ፌስታል ወይም የወፍ ጎጆ በሚታይ ስፍራ ቢቆም በዱላ ይነሣልና።

ሦስተኛው ስፍራ መሬት ላይ የተዘረጋው ቱቦ ነው። በዘንጉ ውስጥ ጭቃው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ መሬት ላይ ሲደርስ ግን አግድም መሄድ፥ ከዚያም ወደ በርሜሉ አፍ ሽቅብ መውጣት አለበት። ቱቦው ረዝሞ እንደ እባብ የተጠመጠመ እንደ ሆነ በዝቅተኛው ስፍራ ውሃና አሸዋ ይተኛበታል። ስለዚህ መኪናውን ከሠራተኛው ጋር ማንቀሳቀስና ቱቦውን አጭርና ቀጥ ያለ ማድረግ ይገባል። በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነትም የከዘራውን አፍ ከአሸንዳው አንሥቶ ንጹሕ አየር ብቻ እንዲያልፍ ቢደረግ መንገዱ ራሱን ይጠርጋል።

በጆሮና በመዳፍ የሚደረግ ምርመራ

መኪናው ደከመ በተባለ ጊዜ አስቀድሞ ድምፁን ማድመጥ ነው። ብዙ ሰው ድምፁ የቀጠነና የጮኸ መኪና በርትቶ የሚሠራ ይመስለዋል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ማራገቢያው የሚገፋው አየር ስለሚያጣ ሸክሙ ይቀልለትና በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ስለዚህ ድምፁ ቀጥኖ መሳቡ ከደከመ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። ድምፁ ወፍራም እንደ ሆነ፥ አፉ ተከፍቶ በነጻ ሲሠራ እንደሚሰማው ሆኖ፥ መሳቡ ግን ከደከመ አየሩ በሌላ ቀዳዳ እየገባ ነው። ይህችን ልዩነት የለየ ሠራተኛ የሚፈልገው ምን እንደ ሆነ አውቆ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ስፍራውን ለመለየት መዳፍ ይበቃል። ቱቦው ከበርሜሉ ይነቀልና መዳፍ በበርሜሉ አፍ ላይ ይገጠም። በዚያ ብርታት ከሌለ ጥፋቱ ከበርሜሉ ውስጥ ነው፤ ቱቦና ዘንግ መፍታት አያስፈልግም። በዚያ ብርታት ካለ ቱቦው ተመልሶ ይገጠምና መዳፍ በቱቦው ጫፍ ይሞከር፤ ከዚያ አንደኛው የዘንግ ቍራጭ፥ ከዚያ ሁለተኛው፥ በመጨረሻ ከዘራው። ብርታቱ የጠፋው በየትኛው ላይ እንደ ሆነ፥ ጥፋቱም በዚያ ላይ ነው። ይህ ምርመራ ሲደረግ መዳፍን ለአፍታ ብቻ መግጠም እንጂ ለረጅም ጊዜ ዘግቶ መያዝ አይገባም፤ በተለይ ሞተራቸው በሚስቡት አየር በሚቀዘቅዝ መኪናዎች ላይ መንገዱ ተዘግቶ ከቆየ ሞተሩ ይግላል። በከፍታ ላይ አየሩ የሳሳ በመሆኑ የማቀዝቀዙ አቅም ከወትሮውም ያነሰ ነው።

ቀዳዳ የሚፈለግ ከሆነ አዲስ መሣሪያ አያሻም። መኪናው እየሠራ የዕጣን ጢስ በየመጋጠሚያው አጠገብ ቀስ ብሎ ይለፍ፤ ጢሱ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ በገባበት ስፍራ አየር እየሾለከ ነው። በነዳጅና በቀለም መጋዘን አጠገብ ግን እሳት አይቅረብ፤ በዚያ ጢሱን ቀጭን ወረቀት ሊተካው ይችላል። የላላ የዘንግ መጋጠሚያ ተጠርጎ ይገጠም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያላላው በመካከሉ የገባ አሸዋ ነው። የተቀደደ ቱቦ በፕላስተር ቢጠቀለል ለዕለቱ ሥራ ይበቃል፥ ለዓመት ግን አይታመንም።

መዘጋቱ በቱቦ ወይም በዘንግ ውስጥ ከሆነ ከሁሉ በፊት መኪናው ይጥፋ፥ ስፒናውም ይነቀል፥ ዘንጉም ወደ መሬት ይውረድ። ከዘራው በእጅ ይጸዳል። ለቱቦው ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ጫፉን ማዞር ነው፤ ወደ በርሜሉ የነበረው ጫፍ ወደ ውጭ፥ የውጭው ወደ በርሜሉ ይገጠምና መኪናው ሲነሣ እንቅፋቱ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። እየጠበበ በሚሄድ መንገድ የተሰነገ ነገር ወደ ፊት ከሚገፋ ወደ ኋላ ቢሳብ ይቀልለዋል። በዚህ ካልወጣ ውሃ በጎማ ይለቀቅበት ወይም ጫፉ የለሰለሰ ረጅም እንጨት ይግባበት። በብረት ዘንግ መውጋት እንቅፋቱን ያወጣ ይሆናል፤ ቱቦውን ግን ይበሳል፥ ለመዘጋት የተደረገው መድኃኒትም የመሾለክ በሽታ ያመጣል።

ማጣሪያው

ጥፋቱ ከበርሜሉ ውስጥ ከሆነ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ማጣሪያው ነው። ለደረቅ አቧራ የሚሠራው የወረቀት ወይም የጨርቅ ማጣሪያ ለእርጥብ ሥራ አይሆንም፤ የረጠበ አቧራ በላዩ እንደ ምርጊት ይለጠፍና አየር አያሳልፍም። ለአሸንዳ ጭቃ የሚገባው የስፖንጅ ማጣሪያ ነው፤ እርሱም በየዕለቱ ታጥቦ፥ ተጨምቆ፥ በጥላ መድረቅ አለበት። ማጣሪያው አስቸገረ ብሎ አውጥቶ መጣልና ያለ እርሱ መሥራት በአንዳንድ ሠራተኞች ዘንድ የተለመደ ነው። በዕለቱ መኪናው የበረታ ይመስላል፤ ነገር ግን አሸዋው የማራገቢያውን ክንፍ እየበላ፥ ውሃውም ወደ ሞተሩ እየገባ፥ በመጀመሪያ በሐሰት የተባለው «ሞተሩ ተቃጥሏል» በመጨረሻ እውነት ይሆናል።

ከማጣሪያው ሥር ያለችው ተንሳፋፊ ኳስም አትረሳ። በርሜሉ በውሃ ሲሞላ ተንሳፍፋ የአየሩን መንገድ የምትዘጋው እርስዋ ናት፤ ይህም ሞተሩን ከውሃ ለማዳን ነው። መኪናው ድንገት ድምፁን አቅጥኖ መሳብ ቢያቆም በርሜሉ መሙላቱ ይመርመር፤ ኳሷ በጭቃ ተጣብቃ ባዶ በርሜል ላይም ልትዘጋ ትችላለች። ከዚህ ሌላ የክዳኑ ጎማና የማፍሰሻው ክዳን አሉ። በነዚህ ላይ አንድ የቅጠል ቍራጭ ተኝቶ ቢቀር በዚያች ስንጥቅ የሚገባው አየር ሙሉውን ቀን ያደክማል።

ስለ ኤሌክትሪኩ

መንገዱ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ መኪናው ከደከመ በዚህን ጊዜ ወደ ኤሌክትሪኩ መመልከት ተገቢ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በማራዘሚያው ገመድ ላይ ይገኛል። 3,000 ዋት የሚበላ መኪና በ220 ቮልት ወደ 14 አምፔር የሚጠጋ ይስባል። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ባለው የ50 ሜትር ገመድ ላይ 16 ቮልት ያኽል በመንገድ ይቀራል፤ ገመዱ 2.5 ቢሆን የሚቀረው 10 ቮልት ገደማ ነው። ገመዱ በመጠቅለያው ላይ እንደ ተጠመጠመ ቢሠራበት ደግሞ ሙቀቱ የሚወጣበት አጥቶ ልባሱ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ፈጽሞ ይዘርጋ። ከዚያ ቀጥሎ የሞተሩ ካርቦን ነው። ካርቦኑ ሲያልቅ ብልጭታው ይበዛል፥ ዙሩም ያንሳል፤ ዋጋው ከሞተሩ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሁለት ወይም ሦስት ሞተር ባላቸው ታላላቅ መኪናዎች ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። አንዱ ሞተር ሲቆም የሚጎድለው የእርሱ ድርሻ ብቻ ይመስላል። የመመለሻ ክዳን በሌላቸው መኪናዎች ላይ ግን በቆመው ሞተር በኩል የውጭ አየር ወደ በርሜሉ ስለሚመለስ፥ የሚሠሩት ሞተሮች ያንኑ አየር ሲያወጡ ይውላሉ። አዲስ ሞተር እስኪመጣ ድረስ የቆመውን ሞተር መንገድ መድፈን ሥራውን ሊያድን ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ግን የመሳብን ኃይል የሚመለከት አይደለም። አሉሚኒየምም የካርቦን ቃጫም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። በከተማችን ብዙ ስፍራ የኤሌክትሪክ መስመር ከጣሪያ ጠርዝ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል፤ ዘንግ የያዘ ሠራተኛም ዓይኑ የሚያርፈው በአሸንዳው ላይ እንጂ ከበላዩ ባለው ሽቦ ላይ አይደለም። ዘንጉ ከመቆሙ በፊት አንድ ሰው ዙሪያውን ይመልከት፤ ሽቦው ቅርብ ከሆነ በዚያ ወገን በዘንግ መሥራት ይቅር፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ መሥሪያ ቤት መስመሩን ካላቋረጠ በቀር መሰላልም እንኳ አይቅረብ።

ስለ ግዥ

ለግዥ የሚነሣ ነጋዴ የሚከተለውን ቢጠይቅ ገንዘቡ አይባክንም። መኪናው ለእርጥብ ሥራ የተሠራ ነውን? የሞተሩ ማቀዝቀዣ ከሚሳበው አየር የተለየ ነውን? ለምንጣፍ የተሠራ የቤት መጥረጊያ በጭቃ ላይ ቢሠማራ እርጥበቱ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይገባል። የቱቦው ስፋት ከዘንጉ ያንሳልን? የስፖንጅ ማጣሪያ፥ የክዳን ጎማና ካርቦን ለብቻቸው ይሸጣሉን? ለአስመጪውም ይኸው ጥያቄ ነው፤ አሥር መኪና አስገብቶ አንድም ትርፍ ማጣሪያ ያላስገባ ነጋዴ በሚቀጥለው ዓመት ደንበኞቹ ለምን እንዳልተመለሱ መጠየቅ የለበትም።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ባልዲ ንጹሕ ውሃ በቱቦው በኩል ይሳብ። አዲስ ሕንጻ በሚሠራበት ሰፈር የአሸንዳው አቧራ ሲሚንቶ የተቀላቀለበት ስለሚሆን፥ ሳይታጠብ ካደረ በቱቦው ውስጥ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ያን የሚያወጣ ዘዴ የለም፥ ቱቦው ይለወጣል። በርሜሉ ተገልብጦ ይታጠብ፥ ክዳኑም እስኪደርቅ ሳይገጠም ይደር፤ ቱቦው ውስጡ ያለው ውሃ እንዲወርድ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ታች ሆነው ይሰቀል።